የስንተኛ ደረጃ ዘመድ ናት?

ስልኬ «ቦታ የለም» እያለ ሰሞኑን መከራዬን አሳየኝ። ቅዳሜ ማታ ሻባት ከወጣ በኋላ ሻዬን ይዤ ፎቶ ላጠፋ ቁጭ አልኩ። የልጆች ልደት፣ የተሰበረ የአውቶቡስ መስታወት፣ የሥራ ጓደኞቼ የሚልኩልኝ የማይረባ ቀልድ። እያጠፋሁ እያጠፋሁ አንዱ ላይ ቆምኩ። የኮምፒውተር ስክሪን ፎቶ ነው። ግማሹ የተሞላ ቅጽ ይታያል። ስም አለ፣ የመታወቂያ ቁጥር አለ፣ የሚሄዱበት አገር አለ። «ዝምድና» የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

ያነሳሁት ሜይ 2021 ላይ ነው። (ቀኖቹን በፈረንጅ እጽፋለሁ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ስቆጥር የኛው ከእጄ ወጣ። አባቴ ቢሰማ ይቆጣ ነበር።)

እዚህ ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ አውቶቡስና ስለ ተሳፋሪ ነው። እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ውስጥ ሾፌር ነኝ፤ ከመሪው ወዲያ የማውቀው ብዙ ነገር የለኝም። ዛሬ ግን ያ ቦታ ለምን ባዶ እንደቀረ ልንገራችሁ።

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ «እታለም» ስለምትላት ቤቱ ሁሉ እንደዚያው ጠራት፤ እኔም አፌን የፈታሁት በሱ ነው። እናቴን አላውቃትም። ዓመት ሳይሞላኝ፣ ጎንደር ውስጥ፣ አምቦበር አጠገብ ባለች መንደራችን ሞተች። እታለም ያኔ አበባን ወልዳ ታጠባ ነበር። አንዱን ጡት ለአበባ፣ አንዱን ለኔ ሰጠች። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም። አበባ በተናደደች ቁጥር «ድርሻዬን ጠጥተህብኝ!» እያለች ስትሰድበኝ ነው ያወቅኩት። አሁንም ትላለች፣ አርባ ዓመታችንን ካለፍን በኋላ።

እኛ ቤተ እስራኤል ነን፣ የኢትዮጵያ አይሁድ። እታለም ግን ክርስቲያን አግብታ ክርስትና ተነስታ ነበር። እዚህ አገር ለእንደዚህ ያሉ ቤተሰቦች የተሰጠው ስም «ፈላሽ ሙራ» ነው። ያን ጊዜ ግን እኔ ስሙንም ነገሩንም አላውቅም። ልዩነቱ የሚገባኝ አባቴ ሊያየኝ ሲመጣ «ሥጋ በልተሃል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ብቻ ነበር። አልበላሁም እላለሁ። በልቻለሁ።

አሥር ዓመቴ ላይ አባቴ መጥቶ ወሰደኝ። «ኢየሩሳሌም እንሄዳለን» አለኝ። አዲስ አበባ ወርደን ብዙ ወራት በኪራይ ቤት ተቀመጥን። ከዚያ ያ የታወቀው ቀን መጣ። ሜይ 24 እና 25፣ 1991። ዘመቻ ሰለሞን። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ተጫነ። የብዙዎቹ አውሮፕላኖች ወንበር ተነቅሎ ነበር፤ አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ይዞ ተነሳ። ይህን ሁሉ ያነበብኩት በኋላ ነው። እኔ የማስታውሰው ግንባሬ ላይ የለጠፉብኝን ቁጥር ነው። ላብ ሲያርሰው ያሳክካል። አባቴ እጄን በያዘ ቁጥር «እንዳትነካው» ይለኛል።

እታለም እኔን ልትሸኝ ከጎንደር ድረስ መጥታ ነበር። ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ይገባል፤ የሌለ ይመለሳል። እንደ እሷ ክርስትና የተነሱት አልተካተቱም። ዕቃ መያዝ ክልክል ነው ሲሉ ሰምታ፣ በጨርቅ የቋጠረችልኝን ቆሎ ፈታችና ኪሴ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ በሩ ጋ ቆመች። እኔ ገባሁ። የሰዉ ብዛት ሲገፋን ዞሬም አላየኋትም።

ባሏ ሲሞት እታለም ጎንደር ከተማ ገባች። ወደ ጥንቱ እምነቷ ተመለሰች። ሻባት ታከብራለች፣ ምኩራብ ትሄዳለች፣ እስራኤል የምትገባበትን ቀን ትጠብቃለች። መጠበቅ እዚያ ሥራ ነው። «ምን ትሠራለህ?» ሲባል «እጠብቃለሁ» የሚል ሰው ጎንደር ውስጥ ሞልቷል።

ወደ ኮሮና ልምጣ።

ማርች 9፣ 2020 ላይ ኔታንያሁ ከየትኛውም አገር የሚመጣ ሰው ሁሉ 14 ቀን ራሱን ያገልል አለ። «ቢዱድ» የምትለዋን ቃል ከዚያ በፊት ማን ያውቃት ነበር? በሳምንት ውስጥ የሦስት ዓመት ልጄ ሳይቀር አሻንጉሊቷን ቁም ሳጥን ውስጥ ከታ «ቢዱድ ናት» ትለን ጀመር። ማርች 18 ላይ ለውጭ ዜጎች በሩ ተዘጋ። ዜጋ ይገባል። ኑሮው እዚህ የሆነ ሰው ይገባል። ሌላው ባለበት ይቆይ ተባለ።

አውቶቡሱም ተለወጠ። ገንዘብ መቀበል ቀረ። ከኋላዬ ያለው ወንበር በሪባን ታሰረ። ተሳፋሪ በኋላ በር ይገባል። ሁልጊዜ ፊት ለፊት ወጥታ «ቦከር ቶቭ ጋዲ»፣ እንደምን አደርክ የምትለኝ አሮጊት ከመስታወት ውስጥ እጇን ታወዛውዝልኛለች። ሰው ከቤቱ 100 ሜትር እንዳይርቅ ሲታዘዝ ደግሞ ባዶ አውቶቡስ ይዤ ከተማውን እዞራለሁ። በየፌርማታው እቆማለሁ፤ በር እከፍታለሁ፤ ማንም የለም፤ በር እዘጋለሁ። ከሥራዬ ሁሉ የከበደኝ ያ ነበር።

ለፋሲካችን፣ ለአፕሪል ማለት ነው፣ ጎንደር ልሄድ ትኬት ቆርጬ ነበር። ቀረ። ኢትዮጵያም በበኩሏ ከማርች 23 ጀምሮ የሚገባ ሁሉ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል እንዲቀመጥ አዘዘች። እታለም ስደውልላት «ሆቴል ለምን? እኔ ቤት አልጋ አለ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ስለ ቫይረሱ ስገልጽላት ጸጥ ብላ ሰማችኝና «እንግዲያው አትምጣ፤ ትሳልብኛለህ» አለች። ሁለታችንም ሳቅን።

እውነቱን ልናገር። ያኔ አልተናደድኩም። ዝጉት ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ጃንዋሪ 2021 ላይ አንድ የሥራ ባልደረባችን ሞተ። 58 ዓመቱ ነበር። ለፈረቃ ስንቀያየር የሞቀውን ወንበር ሲያስረክበኝ «እንቁላል ፈልፍለህበታል ወይ?» እለው ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ቤን ጉርዮን ተዘጋ፤ ለዜጋም ቢሆን ያለ ልዩ ፈቃድ መግባትም መውጣትም ቀረ። ቡና ቤት ውስጥ ጓደኞቼ ሲያጉረመርሙ «ከዓመት በፊት መዝጋት ነበረባቸው!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ምስክሮች አሉ፤ እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

ከዚያ በፊት ዲሴምበር 3፣ 2020 ከኢትዮጵያ የሚጠብቁትን የሚያመጣው የ«ጹር እስራኤል» ዘመቻ የመጀመሪያው አውሮፕላን አርፎ ነበር። 316 ሰው። ያኔ የስደተኞች ሚኒስትር የነበረችው ፕኒና ታማኖ ሻታ፣ የኛው የጎንደር ልጅ፣ ራሷ ኢትዮጵያ ሄዳ ይዛቸው መጣች። ኔታንያሁ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው። እኔና ባለቤቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ተጣብቀን እያንዳንዱን ፊት እናያለን። መሬት ይስማሉ። ነጭ ለብሰዋል፣ ከነጩ በላይ ጭምብል አድርገዋል። ባለቤቴ ታለቅሳለች። እኔ እታለምን እፈልጋለሁ፤ እንደማትኖር እያወቅኩ።

መንግሥት ያን ጊዜ የፈቀደው ለ2,000 ሰው ያህል ነው። ቅድሚያው እስራኤል ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ዘመድ ላለው። በዕብራይስጥ «ዳርጋ ሪሾና» ይባላል። ወላጅ፣ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም። የእታለም እህት እናቴ ናት። እናቴ ደግሞ አምቦበር ነው የተቀበረችው። እኔ ለእታለም በወረቀት የእህት ልጅ ነኝ። አልተቆጠርኩም።

ዘመቻው ሰማዩ ተዘግቶ ሳለም አልቆመም። በፌብሩዋሪ 2021 እኔ ከአገር መውጣት በማልችልበት ሰሞን ከኢትዮጵያ ሦስት መቶ ገደማ ሰው ጭኖ አውሮፕላን ገባ። ደስ ብሎኛል። ደግሞም ቀንቻለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል።

ማርች ላይ አውሮፕላን ማረፊያው በቀን ለ3,000 መንገደኛ ተከፈተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ኤስተር ሃዩት ፕሬዚዳንት ሳሉ፣ ማርች 17 ላይ ይህ ገደብ ሕገ ወጥ ነው አለ። መሠረታዊ ሕጉ ግልጽ ነው። ማንም ሰው ከእስራኤል መውጣት ይችላል፤ ውጭ ያለ ዜጋ ወደ አገሩ የመግባት መብት አለው። ዜናውን ሬዲዮ ላይ እየነዳሁ ሰማሁት። እንግዲያው በሰመር እሄዳለሁ አልኩ። ተከትቤያለሁ፣ ሁለቱንም ዙር። የመከተቤ ማስረጃ፣ አረንጓዴው ካርድ፣ ስልኬ ውስጥ አለ። ማን ይከለክለኛል?

ከዚያ እታለም ወደቀች።

ሐሙስ ነው፣ አፕሪል 29። ጎንደር ውኃ ከቀናት በኋላ መጥታ፣ ሰው ሁሉ ባገኘው ይቀዳል። እታለም የሞላ ጄሪካን ልትጎትት ስትል እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሸተት አለች። ዳሌዋ ተሰበረ። አበባ የደወለችልኝ በማግስቱ ዓርብ ጧት ነው። እንደ አጋጣሚ እዚህ ያ ዓርብ ጥቁር ቀን ነበር። በሌሊት ሜሮን ተራራ ላይ በተፈጠረው መረጋገጥ 45 ሰው ሞቷል። ሬዲዮው ሙዚቃ አቁሟል። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እኔ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ቆሜ አበባ በቪዲዮ የእታለምን እግር ታሳየኛለች። አንደኛው ካንደኛው አጥሯል፤ ወደ ውጭ ዞሯል።

«ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፣ ብረት ይገባላታል ብለዋል» አለች አበባ። «እሷ ግን አልሰማም እያለች ነው። አንተ ካልመጣህ ማንም አይነካኝም ትላለች።»

«ስጪኝ እስቲ እሷን።»

እታለም ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፤ ስለዚህ የማየው ነጠላዋን ብቻ ነው። «ገዳሙዬ፣ አትደንግጥ» አለችኝ። እኔን! እሷ ተሰብራ። «ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ፣ እታለም።»

አሁን የሚቆጨኝን ልጻፍ። የዚያን ዕለት ትኬት ፈለግኩ። የቅዳሜ ሌሊት ነበር። የማክሰኞም ነበር። የማክሰኞው በ140 ዶላር ይረክሳል፤ ደግሞ የእሑድና የሰኞ ፈረቃዬን ማን ይሸፍንልኛል? ማክሰኞን ያዝኩ። ሁለት ቀን ነው፤ ምን ይሆናል?

ዓርብ ከሰዓት ሻባት ከመግባቱ በፊት ዜናው ወጣ። ከሰኞ ሜይ 3 ጀምሮ እስራኤላውያን ወደ ሰባት አገሮች እንዳይሄዱ ተከልክሏል። ዩክሬን፣ ብራዚል፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ህንድ፣ ሜክሲኮ፣ ቱርክ። እና ኢትዮጵያ።

ባለቤቴ ሻማ እያበራች ነበር። «ቅዳሜ ማታ ሂድ» አለችኝ። ሌላ ትኬት ፈለግኩ፤ ወንበር የለም። የበረራ ምርመራም አላደረግኩም። ሰኞ በሩ ተዘጋ። እሑድ የጎንደር ጎረቤቶቿ ፋሲካ ነበር። አበባ የላከችልኝ ቪዲዮ ላይ እታለም ተኝታ፣ አልጋዋ ዙሪያ ሴቶቹ ድፎ ዳቦ ይዘው ተሰብስበዋል። የማይበላላቸውን እያወቁ አምጥተዋል። ሆዴ ባባ።

ክልከላው እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ፤ ሳነበው አሥር ጊዜ ነው የደጋገምኩት። አንደኛ፣ የተከለከለው እስራኤላዊ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በዚያ አገር በቋሚነት ሊኖር ከሆነ መሄድ ይችላል። በማርች 2020 ዜግነት ነበር በር የሚከፍተው። በሜይ 2021 የተዘጋብኝ ዜጋ ስለሆንኩ ነው። ሁለተኛ፣ ትራንዚት ይፈቀዳል፤ አየር ማረፊያ ውስጥ እስከ 12 ሰዓት። ማለትም ቦሌ ሄጄ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ወደ ሌላ አገር መብረር እችላለሁ። ከቦሌ ጎንደር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከበሩ መውጣት ነው የማልችለው።

ጤና ሚኒስቴር ያለ ምክንያት አልከለከለም። እነዚያ አገሮች ውስጥ ቫይረሱ በዝቶ ነበር፤ አዲስ ዝርያ ይመጣል የሚል ስጋት ነበር። ይገባኛል። ባልደረባዬን የቀበርኩ ሰው ነኝ። ግን «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ፣ ለአብዛኛው እስራኤላዊ አንድ የማይሄድበት አገር ነው። ለኛ ደግሞ ግማሹ ቤተሰብ ያለበት ነው።

አንድ መንገድ ነበረ። የልዩ ፈቃድ ኮሚቴ፣ እኛ «ቫዓዳት ሐሪጊም» የምንለው። ማክሰኞ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ስሜን ጻፍኩ። ቁጥሬን ጻፍኩ። አገር፦ ኢትዮጵያ። ምክንያት፦ የታመመ ዘመድ። ከዚያ «ዝምድና» የሚለው ጋ ደረስኩ፤ ዝምድናውን የሚያሳይ ሰነድ አያይዝ ይላል።

«እናት» ልል እጄን አነሳሁ። በመዝገብ እናቴ ሟች ናት። 1991 ስንገባ አባቴ አስመዝግቧል። ሟች እናት ዳሌዋ አይሰበርም።

«አክስት» ልል አልኩ። እታለምን በሕይወቴ አንድም ቀን አክስት ብያት አላውቅም። ቃሉ ለሌላ ሰው የምሰጠው ዓይነት ሆነብኝ። ቢሆንም ልጽፈው ነበር። ግን ፈቃድ የሚሰጥባቸውን ምክንያቶች ከላይ አንብቤያለሁ፤ ደጋግሞ የሚመጣው ያው ዳርጋ ሪሾና ነው። አክስት እዚያ ውስጥ የለችም። የመጨረሻው መስመር ላይ «ሌላ ሰብአዊ ምክንያት» የሚል አለ። እሱን መርጬ ምን ልጻፍ? «አጥብታኛለች» ልበል? በዕብራይስጥ ጻፍኩት። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት፤ ሳነበው የሌላ ሰው ነገር መሰለኝ። አጠፋሁት።

ስክሪኑን ፎቶ አነሳሁና ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። አልላክሁትም። ቢላክ ምን ይሉኝ ነበር? ምናልባት ይፈቅዱልኝ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አስባለሁ።

በሌላ በኩል የሄዱም ነበሩ። አንድ የማውቀው ሰው ዱባይ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ ከዚያ አዲስ አበባ ገባ። አልፈርድበትም፤ አባቱን ቀብሮ መጣ። እኔ አልደፈርኩም። ስመለስ የሚጠብቀኝ ቢዱድ፣ ሥራው፣ ሦስት ልጅ። ምክንያት ሞልቶኛል። ለእታለም ስነግራት አንዱም ምክንያት አልመሰለም።

«ተከልክያለሁ» አልኳት።

«ማን ከለከለህ?»

«መንግሥት። በሽታው።»

ዝም አለች። ከዚያ «እኔንም ያኔ በሩ ላይ እንዲሁ ነው ያሉኝ» አለች። ቁጣ የለበትም። እንዲያውም ያጽናናችኝ ይመስለኛል።

ያንኑ ወር የዘመቻ ሰለሞን ሠላሳኛ ዓመት ነበር። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሁሉም ያወራል። አንድ ጋዜጠኛ አውቶቡሴ ላይ ወጥታ ጥቁር ሾፌር ስታይ ጊዜ «አንተም በዚያ መጣህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ምን ታስታውሳለህ?» ቆሎ አልኳት። ቀጣዩ ፌርማታ ደረሰ፤ ወረደች።

እታለም በመጨረሻ ቀዶ ጥገናውን እሺ አለች። አበባ በስልክ አስደወለችኝና፣ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል እስክትገባ ድረስ አወራኋት። ምን እንዳወራን ብትጠይቁኝ የላም ስም ነው። የመንደራችንን ላሞች ስም አንድ በአንድ ጠራን። «ቡሬ» ላይ ስንደርስ ነርሷ ስልኩን ወሰደች።

ተረፈች። ብረቱ ገባ፤ በምርኩዝ መሄድ ጀመረች።

በኋላ ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ ወጣች። ልሄድ ስል ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ቀረበ፤ ባለቤቴ «ልጆችህን አስብ» አለችኝ። ጦርነቱ ሳያበቃ ኦሚክሮን መጣ። ኖቬምበር 28፣ 2021ን መቼም አልረሳም። በዚያ ቀን ካቢኔው ከኢትዮጵያ ወደ 3,000 ገደማ ሰው እንዲመጣ ወሰነ። በዚያው ቀን ሌሊት ለውጭ ዜጎች በሙሉ በሩ እንደገና ተዘጋ፤ አፍሪካ ሁሉ ማለት ይቻላል ቀይ ሆነ። የካቢኔው መስፈርትም ቢሆን ያው የቅርብ ዘመድ ነው። አንድ ዜና ላይ ሁለቱም ተከታትለው ሲነበቡ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ጃንዋሪ 7፣ 2022 ላይ ቀይ አገር የሚባል ቀረ። ፌብሩዋሪ ላይ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ የትኬት ዋጋ አላወዳደርኩም።

ስለ ጉዞው ብዙ አልጽፍም። ቤቷ ስደርስ እታለም በሩ ላይ በምርኩዝ ቆማለች፤ አጥራለች። ጭምብሌን ስታይ «ይሄን ነገር ከፊትህ ላይ አንሳው፣ ማን እንደሆንክ ልወቅ» አለችኝ። አወለቅኩ። ፊቴን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። አበባ ከኋላዋ «ጡት ሊጋራኝ ነው ደግሞ የመጣው» አለች።

መመለሻዬ ሲደርስ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከበረራ በፊት በ72 ሰዓት ውስጥ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ላቦራቶሪ ሄድን። ስም የሰጠችው አበባ ናት። ወረቀቱ ሲመጣ «ገዳሙ» ይላል። ፓስፖርቴ ላይ ያለሁት «ጋድ» ነው። 1991 ላይ የመጡ ብዙ ልጆች እንደተሰየሙት እኔንም ትምህርት ቤት ሰይመውኛል። በዚህ ወረቀት አውሮፕላን አያሳፍሩኝም። አበባ «ገዳሙ አይደለህም እንዴ?» እያለች ትከራከራለች፤ ልጁ «እኔ የጻፍኩት የነገራችሁኝን ነው» ይላል። ልክ ነው። እንደገና ከፍለን፣ እንደገና አፍንጫዬን አስጎርጉሬ፣ ማታ ቤት ገባን።

ለእታለም ነገርኳት። ስቃ ስቃ ሲበቃት፣ ያን ቅጽም ነገርኳት። ዘጠኝ ወር ሙሉ አልነገርኳትም ነበር። ፎቶውን አሳየኋት። ዕብራይስጥ ማንበብ አትችልም፤ ባዶውን ቦታ በጣቷ ነካችው።

«እዚህ ምን ይባላል?»

«የኔና ያንቺ ዝምድና።»

«ታዲያ እናቴ ናት አትልም ነበር?»

«ማስረጃ ይላሉ፣ እታለም። ወረቀት።»

«ወረቀት?» አለች። አበባን ፍራሹን አንሺ አለቻት። ከሥሩ ፌስታል ወጣ፤ በውስጡ ሌላ ፌስታል። የመታወቂያ ኮፒዎች፣ የምኩራቡ የአባልነት ካርድ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ የጻፈቻቸው ማመልከቻዎች፣ የአባቴ አንድ ደብዳቤ፣ እኔ በወታደር ልብስ የተነሳሁት ፎቶ። ከሁሉም ሥር፣ ጠርዙ የተበላ፣ ጭቃ የመሰለ ካርድ። ኅዳር 1974 ዓ.ም። የሕፃናት ክትባት ካርድ ነው። ኩፍኝ የተወጋሁበት። ከአምቦበር ክሊኒክ ድረስ በጀርባዋ አዝላኝ የሄደችበት።

የልጁ ስም፦ ገዳሙ። የእናት ስም በሚለው ላይ፣ በሰማያዊ ቢክ፣ የእታለም ሙሉ ስም ተጽፏል።

«ነርሷ የእናት ስም ስትለኝ ምን ልበላት?» አለች። «እዚያም ቢሆን ማን ሌላ አዝሎህ መጣ?»

ካርዱን ብርሃን ላይ ይዤ ቆየሁ። ኪሴ ውስጥ ያለውን የራሴን የክትባት ወረቀት አስታወስኩ፤ ያኛው በሦስት ቋንቋ ነው፣ ማኅተም አለው። «ይዤው ልሂድ» አልኳት። «ጠበቃ አሳያለሁ። ምናልባት ላንቺም ይጠቅማል።»

እጇን ዘርግታ ወሰደችብኝ።

«ፎቶ አንሳው» አለች። «እሱ እዚሁ ይቀመጣል። እነሱ የጠሩኝ ቀን እኔ ምን ላሳይ ነው?»

ፎቶ አነሳሁት። እሷ ካርዱን ከሥር አስገባች፣ ሌሎቹን ከላይ ደረደረች፣ ፌስታሉን ሦስቴ ቋጠረች፣ ፍራሹ ሥር መልሳ ከተተችውና ላዩ ላይ ተቀመጠችበት።